ዓምዱና ዙሪያው፤ በዓምድ ላይ ስለ ኖሩት ባሕታውያን የተደረገው የፍርስራሽ ጥናት ሲመዘን

በ5ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ሶርያ፣ ከአንጾኪያ በስተ ምሥራቅ ባሉት የኖራ ድንጋይ ተራሮች መካከል፣ ስምዖን የሚባል መነኵሴ በድንጋይ ዓምድ ራስ ላይ ቆሞ ከ30 ዓመት በላይ ኖረ፤ በ459 ዓ. ም. እዚያው አረፈ። ግሪኮች «ስቲሊቴስ» ይሉታል፤ «ስቲሎስ» በቋንቋቸው ዓምድ ማለት ነው። በግዕዝ መጻሕፍታችን «ስምዖን ዘዓምድ» ተብሎ ይጠራል፤ ስንክሳርም ግንቦት 29 ቀን ያስታውሰዋል። የእርሱን ምሳሌ ተከትለው በሶርያ፣ በቍስጥንጥንያ አጠገብ፣ በዮርዳኖስ ማዶና በጆርጅያ በዓምድ ላይ የኖሩ ወይም ኖሩ የተባሉ ብዙዎች ናቸው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ሁሉንም ባንድነት «ዓምዳውያን» እንላቸዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዓምዳውያን ገድል በብዙ ቋንቋ ተጽፎ ይነበባል። ቆመውበት የነበረው ድንጋይስ ዛሬ ወዴት አለ? ይህን ጥያቄ ይዘው ከ1860ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሊቃውንት ፍርስራሹን መርምረዋል፤ ቈፍረዋል፤ መጻሕፍትም አሳትመዋል። የእኛ አሳብ ገድሉን እንደገና ለመተረክ አይደለም። የእነዚህን መርማሪዎች ሥራ መዝነን የትኛው ማስረጃ እንደሚጸናና የትኛው እንደማይጸና ለማመልከት ነው። ከብዙው ንባብ በኋላ የደረስንበት አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ ፈላጊዎቹ ዓይናቸውን በዓምዱ ላይ ብቻ ባሳረፉ ጊዜ ሁሉ፣ የቆመ ድንጋይ ባዩበት ስፍራ ባሕታዊ አገኙ። የዓምዳዊው እውነተኛ ዱካ ግን ከዓምዱ ይልቅ በዓምዱ ዙሪያ ያለው ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ተማሪ ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የስምዖንን ዜና በሕይወቱ ሳለ የጻፈው ቴዎዶሬጦስ፣ የመነኵሴውን ዝና የሰሙትን ሕዝቦች ሲቈጥር ፋርሶችንና ሜዶናውያንን፣ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያውያንን ይጠቅሳል። ወደ ዓምዱ ከመጡት መንገደኞች መካከል ደግሞ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉትን ሒምያራውያንን ያነሳል። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን የግሪክ ጸሓፊ «ኢትዮጵያውያን» ሲል የአክሱምን ሰዎች ብቻ ማለቱ እንዳልሆነ መጠንቀቅ ያሻል፤ ስሙ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ያጠቃልል ነበርና። ቢሆንም ቃሉ የስምዖን ወሬ በንግድ መንገድ ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ ያሳያል። ከዚህም ሌላ ገድልንና ድንጋይን ጎን ለጎን አድርጎ የማንበብ ችግር የእኛም የራሳችን ችግር ነው።

የጽሑፍ ምስክርነት

ስለ ስምዖን ሦስት ጥንታዊ ጽሑፎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የቂሮስ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቴዎዶሬጦስ በ440ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የጻፈው ነው። ሁለተኛው የሱርስት ገድል ነው፤ ከእጅ ጽሑፎቹም አንዱ በ473 የተጻፈ ስለ ሆነ፣ መነኵሴው ካረፈ 14 ዓመት ብቻ ቈይቶ የተገለበጠ መሆኑ ነው። ሦስተኛው አንጦንዮስ የሚባል ደቀ መዝሙሩ ጻፈው የሚባለው የግሪክ ገድል ነው። እነዚህንና የሌሎችን ዓምዳውያን ገድሎች አጥንቶ በ1923 በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያሳተመው የቡላንዲስት ማኅበር ሊቅ ኢፖሊት ደለሄ ነው። ሥራው እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ ያገለግላል፤ ሆኖም የመጽሐፍ እንጂ የድንጋይ ጥናት አይደለም።

ከእነዚህ ጽሑፎች ለፍርስራሽ መርማሪ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ብዙዎች የተከራከሩበት የዓምዱ ቁመት ነው። ቴዎዶሬጦስ ዓምዱ መጀመሪያ 6 ክንድ፣ ቀጥሎም 12፣ ከዚያም 22፣ በመጨረሻም 36 ክንድ እንደ ነበረ ይናገራል። የሱርስቱ ገድል የመጨረሻውን 40 ክንድ ያደርገዋል። ክንዱን 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ብንይዘው፣ ልዩነቱ በ16 ሜትርና በ18 ሜትር መካከል ነው። አንዳንዶች 40ን እንደ ተለካ ቍጥር ተቀብለው ያስተጋባሉ፤ ሌሎች ደግሞ 40 የመጽሐፍ ቅዱስ ቍጥር ነውና ሁሉም ተረት ነው ብለው ይጥሉታል። ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር አልፈውታል እንላለን። ለመርማሪ የሚጠቅመው የመጨረሻው ቍጥር ሳይሆን የቍጥሩ ደረጃ በደረጃ መውጣት ነው። ዓምዱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተለውጦ ከሆነ፣ በዚያው ቅጥር ውስጥ ከአንድ በላይ የዓምድ መሠረት፣ የተጣለም የድሮ ቍራጭ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ይህ በቁፋሮ ሊፈተን የሚችል ቃል ነው።

ጽሑፎቹን እርስ በርሳቸው ማፋጠጥም ይጠቅማል። ቴዎዶሬጦስ፣ ከእርሱ ጋር ከነበሩት አንዱ የስምዖንን ስግደት ሲቈጥር 1244 ደርሶ ደክሞት እንደ ተወው ይተርካል። ኤዋግሪዮስ የተባለው የ6ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ጸሓፊ ግን የዓምዱ ዙሪያ ሁለት ክንድ ቢሞላ ነው ይላል። ዙሪያው 90 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዓምድ፣ አግድሙ 30 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ ሰው መቆም ይችል ይሆናል፤ አንድ ሺሕ ጊዜ ሊሰግድ ግን አይችልም። ስለዚህ ወይ የአንዱ ቍጥር ስሕተት ነው፣ ወይም በዓምዱ ራስ ላይ ከዓምዱ የሰፋ መድረክ ነበረ። የኋለኛው እውነተኛ ለመሆኑ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ምስሎች ይመሰክራሉ።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ለሚያውቅ አንባቢ ቆሞ መጸለይ እንግዳ ነገር አይደለም። በስምዖን ዘንድ እንግዳ የሆነው ከፍታው ነው። ቴዎዶሬጦስ ምክንያቱን ሲናገር፣ ሕዝቡ ለበረከት ልብሱን ለመንካት እየተጋፋ ስላስቸገረው ወደ ላይ ወጣ ይላል። እንግዲህ ዓምዱ ገና ከመጀመሪያው ከሕዝቡ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ባሕታዊው ከሰው ሸሽቶ ወጣ፤ በወጣ ቍጥር ግን ከሩቅ የሚያየው ሰው በዛ። የፍርስራሹም ነገር የሚፈታው በዚህ ቃል ነው።

ቀልዓት ሰምዓን

ስምዖን የቆመበት ስፍራ ዛሬ በዐረብኛ ቀልዓት ሰምዓን፣ የስምዖን ምሽግ፣ ይባላል። ምሽግ መባሉ በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ቢዛንታውያን ስላጠሩትና ስላጠነከሩት ነው። ቦታውን በ1860ዎቹ ጐብኝቶ በሥዕል ያሳተመው ፈረንሳዊው ሜልኪዮር ደ ቮግዌ ነው። ከእርሱ በኋላ በሐዋርድ ክሮዝቢ በትለር የሚመራው የፕሪንስተን ጓድ አካባቢውን ለካ፤ ጀርመናዊው ዳንኤል ክሬንከር በ1938 ቈፈረ፤ ጆርጅ ቻሌንኮ በ1950ዎቹ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ተራራማውን አገር ከነመንደሮቹ አጠና፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮም ዣን ፒየር ሶዲኒና ዣን ሉክ ቢስኮፕ ያሉበት የፈረንሳይ ጓድ ሥራውን ቀጠለ።

ሕንጻው ስምዖን ካረፈ በኋላ፣ በንጉሠ ነገሥት ዜኖን ዘመን፣ በ5ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ ሩብ የተሠራ ነው። በመካከሉ ስምንት ማዕዘን ያለው አዳራሽ አለ። ከእርሱም አራት ባሲሊካዎች በመስቀል ቅርጽ ወደ አራቱ ማዕዘን ይዘረጋሉ። ቅዳሴ የሚደረገው በምሥራቁ ብቻ ነበር። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 100 ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ሁሉ ሕንጻ የተሠራው አንድ የዓምድ መሠረት መካከል እንዲሆን ነው። የዓምዱ መሠረት በስምንት ማዕዘኑ መካከል ቀርቷል፤ ዓምዱ ራሱ ግን ምዕመናን ለበረከት ሲሸራርፉት ኖረው ቅርጹ የጠፋ ቋጥኝ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሓፊዎች በፍጥነት የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። የስምዖን ሥጋ ካረፈ በኋላ ወደ አንጾኪያ ተወስዷል። ስለዚህ ይህ ታላቅ ሕንጻ በመቃብር ላይ የተሠራ አይደለም። በዚያ ዘመን የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በዐፅም ላይ ሲሠራ፣ ይህ ግን በድንጋይ ዙሪያ ተሠራ። ተራራው ሥጋውን ባጣ ጊዜ ዓምዱ በሥጋው ፈንታ ተተካ። ይህን ሳያስተውል የሕንጻውን ቅርጽ የሚያብራራ ሰው ብዙ ይደክማል።

በስምንት ማዕዘኑ ላይ ጣራ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤዋግሪዮስ በዐይኑ አይቶ ሲጽፍ፣ ዓምዱ የቆመበት አደባባይ ሰማይ የሚታይበት ክፍት ነው ይላል። ደ ቮግዌ ይህን ተቀበለ። ክሬንከር ግን ከቁፋሮው በኋላ መጀመሪያ የእንጨት ጉልላት ነበረው ብሎ ተከራከረ። ለእኛ እንደሚመስለን ሁለቱን ቃሎች የግድ ማጣላት አያስፈልግም። ኤዋግሪዮስ የጻፈው ሕንጻው ከተሠራ 100 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው፤ በመካከሉም አንጾኪያን በ526ና በ528 ታላላቅ የምድር መንቀጥቀጦች መትተዋታል። ቀድሞ የተሠራ ጣራ በኋላ ሊታጣ ይችላል። የክሬንከር ብርታት ከመጽሐፉ ቃል ይልቅ ግድግዳውን መጠየቁ ነው። ጸሓፊው ያየውን ጽፏል፤ ያላየውን ዘመን ግን እንዲመሰክር ልናስገድደው አይገባም።

ወደ ዙሪያው እንመለስ። ከተራራው ግርጌ ደይር ሰምዓን የሚባለው መንደር አለ፤ የጥንት ስሙ ቴላኒሶስ ነው። ከመንደሩ ወደ ዓምዱ የሚያወጣ የበዓል ጐዳና፣ በጐዳናውም ላይ የተሠራ የድንጋይ በር አለ። በመንደሩ ውስጥ ገዳማትና ሰፋፊ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ተገኝተዋል፤ ከማረፊያዎቹም አንዱ 479 የሚል ዓመት ተጽፎበታል። በተራራው ላይ ደግሞ ከዋናው ሕንጻ በስተ ደቡብ የጥምቀት ቤት ቆሟል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስናያቸው፣ አንድ ብቸኛ መነኵሴ ከሞተ በ20 ዓመት ውስጥ የመንገደኛ ከተማ እንደ ተወለደ እንረዳለን። ዓምዱ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ፣ ጐዳናው፣ ማረፊያውና የጥምቀቱ ቤት ወዴት ይሄዱ እንደ ነበረ በጣታቸው ያመለክታሉ።

ይህ አጋጣሚ እንዳልሆነ የሚያረጋግጠው ሁለተኛው ምሳሌ ነው። ታናሹ ስምዖን የሚባለው ሌላ ዓምዳዊ (521-592) ከአንጾኪያ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በባሕሩ አቅጣጫ ባለ ተራራ ላይ ኖረ። ተራራው በእርሱ ምክንያት «ድንቅ ተራራ» ተባለ። ዛሬ በቱርክ አገር በሐታይ ክፍለ ሀገር ይገኛል። በ1930ዎቹ ዣን ሜሴርያን የተባለ ኢየሱሳዊ ካህን ቈፍሮታል፤ ዋኽታንግ ጆባዜም በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አጥንቶታል። የዓምዱ መሠረት ከተራራው አለት ራሱ ተጠርቦ የወጣ ነው። በዙሪያው ስምንት ማዕዘን ያለው አደባባይ፣ አጠገቡም አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ልዩነቱ ይህኛው ሕንጻ የተሠራው ባሕታዊው በሕይወት ሳለ መሆኑ ነው፤ ሥራው በ541 ተዠምሮ፣ በ551 ስምዖን ወደ ዓምዱ ወጣ። በመጀመሪያው ስፍራ ሕዝቡ ሰውየውን ተከትሎ ሕንጻ ሠራ፤ በሁለተኛው ግን ሕንጻው ለሰውየው አስቀድሞ ተዘጋጀ። አንድ ሰው ያስገኘው ሥርዓት በ100 ዓመት ውስጥ ፕላን ያለው ነገር ሆነ ማለት ነው። በገድሎቹ ብቻ የሚመራ አንባቢ ይህን ለውጥ አያየውም፤ ገድሎቹ ሁለቱንም ስምዖኖች በአንድ መልክ ይስላሉና።

ቆሞ የተገኘ ድንጋይ ሁሉ

እስካሁን ያነሳናቸው ሁለቱ ስፍራዎች አያጠራጥሩም። ችግሩ የሚዠምረው ከእነርሱ ውጭ ስንወጣ ነው። በ1975 ኢግናሲዮ ፔኛ፣ ፓስካል ካስቴላናና ሮሙዋልዶ ፌርናንዴዝ የተባሉ ሦስት ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ስለ ሶርያ ዓምዳውያን አንድ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተሙ። በየኰረብታውና በየፍርስራሹ ተዘዋውረው የዓምድ መሠረቶችንና የወደቁ የዓምድ ቍራጮችን መዘገቡ። ይህ ሥራ በእግር የተሠራ ነው፤ ደለሄ በመጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ሊያገኘው ያልቻለውን ሰጥቶናል። ከዚያ ወዲህ በደረሰው ጥፋት ምክንያትም ዋጋው እጅግ ጨምሯል።

ሆኖም እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን መስመር ለየብቻው መመዘን አለበት። በአንዱ ስፍራ መሠረቱ፣ ቅጥሩና ገዳሙ ባንድነት ሲገኙ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በሌላው ግን የሚታየው አንድ ክብ የዓምድ ቍራጭ ወይም ባለ ጕድጓድ ድንጋይ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ከመጀመሪያው እኩል አድርጎ መቍጠር ሚዛን ማጣት ነው።

ስለምን? በዚያው ተራራማ አገር ዓምድ የማቆም ልማድ ከዓምዳውያን በፊት ነበረ። በሰርመዳ መንደር አጠገብ ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ እነርሱም በ132 የተሠራ የመቃብር ሐውልት ናቸው። ሲት አር ሩም በሚባለው ስፍራ ያለው ተመሳሳይ መቃብር ደግሞ በ152 የተሠራ ነው፤ ይህም ከደይር ሰምዓን ሩቅ አይደለም። ጽሕፈታቸው ባይገኝ ኖሮ፣ በኋላ ዘመን የመጣ መንገደኛ እነዚህንም የባሕታውያን ናቸው ከማለት የሚያግደው ምንድን ነው? ከዚህም በላይ አገሩ በወይራ ዘይት የሚኖር አገር ነበረና፣ የዘይት መጭመቂያ ድንጋዮች በየመንደሩ ሞልተዋል። የቤተ ክርስቲያንና የአደባባይ ዓምዶችም ወድቀው በየሜዳው ይገኛሉ። የወደቀ ዓምድ በሰሜን ሶርያ ብርቅ ነገር አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ አስተያየት አለ። በ2ኛው መቶ ዓመት ሉቅያኖስ ስለ ሂየራፖሊስ ቤተ ጣዖት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ በመግቢያው ፊት በቆሙት ረጃጅም ዓምዶች ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰው ወጥቶ 7 ቀን ይቆይ እንደ ነበረ ይነበባል። በዚህ ምክንያት የዓምዳውያን ሥርዓት ከአረማዊው ልማድ የመጣ ነው ያሉ አሉ። እኛ ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። በሁለቱ መካከል ሁለት መቶ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለ፤ ለ7 ቀን መውጣትና ለዕድሜ ልክ መቆምም አንድ ነገር አይደለም። ከዚህ ሁሉ ልንወስደው የምንችለው፣ የሶርያ ሰው በከፍታ ላይ የቆመ ድንጋይን ማየት የለመደ መሆኑን ብቻ ነው። ልማዱ ግን ማስረጃችንን ያደክመዋል እንጂ አያበረታውም፤ ዓምዱ ለብዙ ነገር ይውል ነበርና።

ግንብና አለት

ሁለተኛው የመሳሳት መንገድ ግንብንና ዓምድን አንድ ማድረግ ነው። በዮርዳኖስ አገር፣ ኡም አር ረሳስ በሚባለው ፍርስራሽ ከተማ አጠገብ፣ 14 ሜትር ያህል ቁመት ያለው አራት ማዕዘን ግንብ ቆሟል። እንግሊዛዊው ትሪስትራም በ1872 አይቶት ጽፎበታል። በውስጡ ደረጃ የለም፤ በራሱ ላይ ግን ትንሽ ክፍል አለ። አጠገቡ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቦታውን ለብዙ ዓመት የመረመረው ሚኬሌ ፒቺሪሎና ሌሎችም የዓምዳዊ መኖሪያ ነው ብለዋል።

ደረጃ አለመኖሩ፣ ክፍሉ ከላይ መሆኑና ቤተ ክርስቲያኑ መቅረቡ ሲደመሩ፣ ግንቡ የባሕታዊ መኖሪያ ነበረ የሚለው ግምት መልካም ግምት ነው። ነገር ግን በክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው በዓምድ ራስ ላይ ለዝናምና ለፀሓይ ተገልጦ ከሚቆም ሰው ይለያል። ሦስቱ ፍራንሲስካውያን ራሳቸው በ1980 ስለ ሶርያ ዝጉሐን ሌላ መጽሐፍ ማሳተማቸው፣ በግንብ የተዘጋና በዓምድ የቆመ ባሕታዊ ሁለት ዐይነት መሆኑን ያወቁ በመሆናቸው ነው። ዓምዳዊው ለሁሉ ይታያል፤ ዝጉሑ ለማንም አይታይም። አንዱ ሕዝብን ይስባል፤ ሌላው በሩን ይዘጋል። ልዩነቱን የሚፈታው እንግዲህ የግንቡ ቁመት ሳይሆን በዙሪያው ያለው የሕዝብ መቆሚያ ነው።

ዩኔስኮ ኡም አር ረሳስን በ2004 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲያገባ፣ በዚያ ያሉት ሁለት ግንቦች ከዓምዳውያን ሥርዓት ምናልባት ብቸኛ ሆነው የቀሩ ናቸው የሚል ቃል ጽፏል። «ምናልባት» የሚል ጥንቃቄ ቢጨመርበትም ይህ ቃል አይጸናም። ቀልዓት ሰምዓን በዚያ ጊዜ ለሁሉ የታወቀ ነበረ፤ ያው ድርጅት ራሱ በ2011 የሰሜን ሶርያን ጥንታውያን መንደሮች ሲመዘግብ ከእነርሱ ጋር አግብቶታል። ይህን የምንለው ስሕተት ለመልቀም አይደለም። የመዝገብ ቃል በመንገደኛ መምሪያና በትምህርት መጽሐፍ እየተገለበጠ ይኖራል፤ «ብቸኛ» የሚለው ቃልም ሌላውን ስፍራ ከማስታወስ ያስወጣዋል።

በጆርጅያ ደግሞ ግንቡ በአለት ተተክቷል። በኢሜሬቲ አውራጃ ካትስኪ የሚባለው ለብቻው የቆመ አለት 40 ሜትር ያህል ቁመት አለው። በ1944 ተራራ ወጪው አሌክሳንድሬ ጃፓሪዜ የመራው ጓድ ወደ ራሱ ወጣ። አብሮ የወጣው የሕንጻ ሊቅ ዋኽታንግ ጺንጻዜ በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በላዩ ያሉት ፍርስራሾች የ5ኛውና የ6ኛው መቶ ዓመት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ከዓምዳውያንም ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው አለ። ዘመኑ ከታላቁ ስምዖን ጋር ስለ ገጠመ አሳቡ ብዙዎችን ደስ አሰኘ። ከ1999 እስከ 2009 በተደረገው ምርመራ ግን ሕንጻው የ9ኛው ወይም የ10ኛው መቶ ዓመት መሆኑ ታወቀ። በ2007 የተገኘ የ13ኛው መቶ ዓመት ጽሕፈትም ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ሦስት የመነኮሳት ክፍሎችን እንዳሠራ ይናገራል። በአለቱ ራስ ላይ ቤተ ክርስቲያን፣ የመቃብር ክፍል፣ ክፍሎቹና የወይን ጠጅ ማኖሪያ ተገኝተዋል።

ይህ ምሳሌ ለነቀፌታችን እጅግ ይጠቅማል። አስቀድሞ የተያዘ ስም ዘመኑን እስከ 400 ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ሳበው። ጋን የሚቀመጥበት ጓዳና ሦስት ክፍል ያለበት ስፍራ ደግሞ የአንድ ዓምዳዊ መቆሚያ ከሚባል ይልቅ ትንሽ ገዳም ሊባል ይገባዋል። ለአገራችን አንባቢ ይህ ስምዖንን ሳይሆን በገመድ የሚወጣበትን ደብረ ዳሞን ያሳስበዋል። ደብረ ዳሞን ግን የዓምዳውያን ስፍራ ነው የሚል ሰው አልሰማንም፤ አምባ ነው፤ ገዳም ነው። በካትስኪም ላይ ይኸው ጥንቃቄ ቢደረግ መልካም ነበረ።

ምስሎችና የጠፉ ዓምዶች

ስለ ዓምዱ አካል ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክሩት፣ ፍርስራሽ መርማሪዎች እንደ ጌጥ አድርገው የሚያልፏቸው ትናንሽ ዕቃዎች ናቸው። በሶርያ ጥቍር ድንጋይ ላይ ተቀርጸው የተገኙ ምስሎች፣ አንድ ሰው በዓምድ ራስ ላይ፣ መሰላልም ተደግፎ ያሳያሉ። በበርሊን ያለው ምስል በመሰላሉ ላይ ዕጣን ይዞ የሚወጣ ሰው አለበት። በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኘው የ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የብር ሰሌዳ ደግሞ፣ ባሕታዊውን በዓምዱ ላይ፣ ታላቅም እባብ በዓምዱ ተጠምጥሞ ያሳያል። ታናሹ ስምዖን ከነበረበት ተራራ አፈር ተሠርተው ለመንገደኞች ይሰጡ የነበሩ ትናንሽ የሸክላ ማኅተሞችም በብዙ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። በእነዚህ ምስሎች ላይ የምናየው በዓምዱ ራስ ያለው የሰፋ መድረክ፣ ለቀደመው የኤዋግሪዮስና የቴዎዶሬጦስ ክርክር መልስ ይሰጣል። መሰላሉም ዓምዳዊው ከሰው ፈጽሞ ያልተለየ መሆኑን ያስረዳል፤ ምግብ፣ ቍርባንና ልመና በእርሱ ይወጡ ነበር።

ሌላው መታሰብ ያለበት የዱካ አለመኖር ነው። ዳንኤል የተባለው ዓምዳዊ ከ460 ጀምሮ በ493 እስኪያርፍ ድረስ በቍስጥንጥንያ አጠገብ በቦስፎር ዳር ቆመ። ገድሉ ዓምዱ በሌላ ሰው መሬት ላይ ስለ ቆመ ባለ መሬቱ ለንጉሡ አቤት ማለቱን ሳይቀር ይተርካል፤ ይህን ያህል ዝርዝር ያለው ገድል ግን ዛሬ አንድ ድንጋይ እንኳ የሚያሳየው የለም። በግብፅም በሰካ ከተማ 50 ዓመት በዓምድ ላይ እንደ ኖረ የሚነገርለት አጋቶን፣ በስንክሳራችን መስከረም 14 ቀን ይታወሳል፤ ዓምዱን ያገኘ ግን የለም። በምዕራብ አውሮጳ፣ በትሪየር አጠገብ፣ ዉልፊላይክ የተባለ ሰው ዓምድ አቁሞ ቢወጣበት፣ ጳጳሳቱ ከዚያ አስወርደው ዓምዱን እንዳሰባበሩበት የቱርሱ ጎርጎርዮስ በ6ኛው መቶ ዓመት ጽፏል። እንግዲህ ዱካ ያልተገኘበት ስፍራ ሁሉ ዓምዳዊ ያልነበረበት አይደለም፤ ዓምድ የተገኘበትም ስፍራ ሁሉ ዓምዳዊ የነበረበት አይደለም። ሁለቱን ስሕተቶች ባንድነት መጠበቅ ያስፈልጋል።

እንዴት ይመዘን

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ተነሥተን፣ አንድ ፍርስራሽ የዓምዳዊ ነው ለማለት አራት ጥያቄዎች እንዲጠየቁ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዓምዱ በራሱ መሠረት ላይ ለብቻው የቆመ ነውን? ወይስ ከሌላ ሕንጻ የወደቀ ነው? ሁለተኛ፣ በዙሪያው ቅጥር አለን? ግሪኮች ይህን ቅጥር «ማንድራ» ይሉታል፤ በረት ማለት ነው፤ ሕዝቡን ከዓምዱ የሚለየው እርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ደቀ መዛሙርት የኖሩበት ገዳምና መንገደኛ የተቀበለበት ስፍራ አብሮ አለን? አራተኛ፣ ጽሕፈት ወይም በዚያው ስፍራ የተገኘ ምስል ይመሰክራልን? አራቱም የተሟሉለት ጥቂት ነው። ሁለቱ ብቻ ሲገኙ «ይመስላል» እንበል፤ አንዱ ብቻ ሲገኝ ግን ዝም ብለን ድንጋዩን እንለካው።

ይህ ጥንቃቄ የመጽሐፍ ቤት ቅንጦት እንዳይመስል የመጨረሻ ቃል እንጨምር። የሰሜን ሶርያ ጥንታውያን መንደሮች በ2013 አደጋ ከሚያሰጋቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። በግንቦት 2016 በቀልዓት ሰምዓን ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ፣ ከ1500 ዓመት በላይ ምዕመናን እየሸራረፉት የቆየው የዓምዱ ቅሪት ጭምር ተጐዳ። በየካቲት 2023 ደግሞ አንጾኪያን ያፈረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ያንኑ አገር ከዳር እስከ ዳር አናወጠው። ድንጋዩ ሲሰበር በእርሱ ፈንታ የሚቀረው የተጻፈው መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ ዓምዱን ብቻ ለክቶ ዙሪያውን ከተወ፣ ወይም ግንቡን ሁሉ «ዓምድ» ካለ፣ ኋላ ተመልሶ የሚያርመው ሰው የሚያየው ነገር አያገኝም። የክሬንከርን ልኬት፣ የቻሌንኮን የመንደሮች ጥናትና የሦስቱን መነኮሳት የእግር ጉዞ ዋጋ የምናውቀው ዛሬ ነው።

በአገራችንም ገድል ያለው ገዳም፣ ታሪክ የሚነገርለት ዋሻና የቆመ ድንጋይ ብዙ ነው። ከእነርሱ አንዱን ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ፣ ቅዱሱ የቆመበትን ስፍራ ከጠየቀ በኋላ ወዲያው መሄድ አይገባውም። ሕዝቡ የት ቆሞ ያየው እንደ ነበረ፣ ውኃ ከየት ይቀዳ፣ እንግዳ የት ያድር እንደ ነበረ ይጠይቅ፤ ያንንም ለክቶ ይጻፍ።